ሞቱ ያልተጻፈው ቅድመ አያቴ

ወልቂጤ ከባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ ከወራሾች አስቀድሜ የምጠይቀው የሞት ምስክር ወረቀት ነው። ወረቀት የሌለው ሟች በእኛ መዝገብ ዘንድ ገና በሕይወት አለ። ቅድመ አያቴም እንዲሁ ናቸው። ከቡታጅራ አካባቢ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ወጡ፤ አልተመለሱም። ልጃቸው፣ አያቴ፣ መርዶ የነገራት ስለሌለ ለአባቷ ልቅሶ አልተቀመጠችም።

እንግሊዛዊ ብሆን ኖሮ ከ1837 እ.ኤ.አ. የሚጀምረውን የሞት መዝገብ እገልጥ ነበር፤ እዚያ ባጣቸው፣ ድሆች እየሠሩ የሚጠለሉባቸውን ቤቶች መዝገብ። የእኛ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ብዙ አንቀጾች ደንግጎ ሲያበቃ፣ በቁጥር 3361 ተፈጻሚነታቸውን ወደፊት ለሚወጣ ትእዛዝ አቆየው። አገር አቀፉ ምዝገባ የተጀመረው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ሃምሳ ስድስት ዓመት!

የቀረኝ ዕድር ነበር። አጀማመሩ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ለከተሙ ጉራጌዎች ይሰጣል፤ በሰው አገር ሬሳ ያለ ቀባሪ እንዳይቀር። መርካቶ አጠገብ የአንድ የቆየ ዕድር ጸሐፊ ጠርዙ የተበላ ደብተር አወጡልኝ። የቅድመ አያቴ ስም የለም። አንድ መስመር ግን አገኘሁ፦ ከቡታጅራ የመጣ ኩሊ፣ ለመገነዣ የተከፈለ። ስም አልተጻፈበትም። እሳቸው ይሁኑ ሌላ፣ ደብተሩ አይናገርም።

መስመሩን ቀድቼ ለአያቴ አነበብኩላት።

«መገነዣውን ማን ከፈለ?» አለችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አዘቀዘቀች።