ሦስተኛው ሞላ

አማርኛችን ሦስት «ሞላ» አለው። የመጀመሪያው ጋኑ፣ ወንዙ፣ ቀኑ ሲሞላ የምንለው ግስ ነው። ሁለተኛው የሰው መጠሪያ ነው፤ ወላጅ ጎደሎው የሞላለት ሲመስለው ለልጁ የሚያወጣው። ሦስተኛው ከመኪና ሆድ ሥር፣ በጭቃና በቅባት ተለውሶ የሚኖር ጥምዝምዝ ብረት ነው። ይህ ሦስተኛው ከሁለቱ ጋር በሥጋም በነፍስም አይዛመድም፤ የመጣው ከጣልያንኛ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ሥሩ መልቀቅ፣ ማላላት የሚል ግስ ነው። ስለ ቅኔ ሰምና ወርቅ ብዙ የተጻፈልን አንባብያን፣ በየጋራዡ ደጃፍ የሚጣለውን ይህን ኅብረ ቃል አልፈነው መሄዳችን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

መኪና አገራችን የገባው ከጣልያን ወረራ አስቀድሞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1904 አርመናዊው ነጋዴ ሰርኪስ ተርዚያን በእንፋሎት የሚሄድ ግዙፍ ተሽከርካሪ አዲስ አበባ አስገባ፤ ሕዝቡም «የሰርኪስ ባቡር» አለው። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ቤዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል መኪና ይዞ፣ መንገድ በሌለበት በረሃና ዳገት አቋርጦ ዳግማዊ ምኒልክ ፊት ቀረበ። እንደ ዘመኑ መኪናዎች ሁሉ ሲድሊም የተንጠለጠለችው በተደራረቡ የብረት ቅጠሎች ላይ ነበር። ይህ ብልሃት ከሠረገላ የተወረሰ ነው፤ ለንደን ውስጥ ኦባዲያ ኤሊዮት የሚባል ሠረገላ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1804 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ነው። የኛ ሰው ያን ጊዜ እነዚያን ቅጠሎች በምን ስም ይጠራቸው እንደነበር የሚነግረኝ ጽሑፍ አላጋጠመኝም። እኔ በምደርስበት ዘመን ስማቸው «ባሌስትራ» ሆኖ ጸንቷል። ባሌስትራ በጣልያንኛ የቀስት መወርወሪያ መሣሪያ ስም ነው፤ የተለጠጠ ቀስት ስለሚመስሉ ነው እንዲህ የተባሉት። የጦር መሣሪያ ስም የጭነት መኪና ትከሻ ሆነ ማለት ነው።

ቃላቱ የገቡት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበሩት አምስት የወረራ ዓመታት ብቻ ነው የሚለውን አባባል ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። ፊያት 634 እና ላንቺያ ሮ የተባሉት የጭነት መኪናዎች ከሠራዊቱ ጋር መጡ፤ መንገዱም ተጠረገ፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም ከነፃነት በኋላ እንግሊዞች ጣልያኖችን ጠራርገው ሊያስወጡ ሲሹ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የእጅ ባለሙያዎቹ እንዲቀሩ ይፈልጉ ነበር፤ የቀሩትም ቀሩ። ቋንቋ በጦር ይገባል፤ የሚለመደው ግን እጅን በእጅ ይዞ በሚያስተምር ሰው ነው። ረዳት የነበረው የኛ ልጅ «ካቻቪቴ አምጣ» ሲባል «ካቻቢቴ» ብሎ አቀበለ፤ ከቪ ጋር ያልተዋወቀ ምላሳችን በ«በ» ተካው። ቡሎን፣ ዳዶ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚኒ፣ ቶርኖ እንዲሁ ተከታትለው ገቡ።

ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ «ሾፌር» እና «ጋራዥ» ፈረንሳይኛ ናቸው። «ፍሬን» ከሁለቱ ከየትኛው እንደተወሰደ ያከራክራል። ከመቀመጫው በላይ ያለው ሰውዬ ፈረንሳይ፣ ከመቀመጫው በታች ያለው ብረት ጣልያን ነው ብል ብዙም አልተሳሳትኩም።

ከሁሉም የምወደው «አሞርዛተር» የሚለውን ነው። አንዳንዱ አሞርዛቶር ይላል፤ ሁሉም ይግባባል። ሥሩ «እንደ ሞተ ማድረግ» ነው፤ ከላቲኑ ሞት ይመዘዛል፤ ከኛው «ሞት» ጋር በድምፅ መመሳሰሉ ግጥምጥም ነው እንጂ ዝምድና አይደለም። ስሙ ግን ሥራውን በትክክል ይናገራል። ሞላ መኪናዋን ይሸከማል፤ ጉድጓድ ስትመታ ይጨመቃል፤ ከዚያ ይፈናጠራል። ብቻውን ቢተው እንደ እብድ ፍየል ሲያዘልላት ይኖር ነበር። በአሞርዛተሩ ቱቦ ውስጥ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያለፈ ያንን ዝላይ ቀስ አድርጎ ይገድለዋል። «ንዝረት አርጋቢ» ብለን በአማርኛ ብንሰይመው ማንም አይከለክለንም፤ ግን ማን ይለዋል?

አራት ኪሎ፣ ከሚያዝያ 27 አደባባይ ወደ ግንፍሌ በሚወርደው አቅጣጫ ባለ ግቢ ውስጥ ያደግሁ በመሆኔ ይህ ሥራ ሲሠራ ያየሁት ጋራዥ ውስጥ አይደለም። ጎረቤታችን የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፤ እኛ ልጆቹ ጋሼ እንላቸዋለን። ኮሮላ ዲኤክስ ነበረቻቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ ከቀረበው ትውልድ የሆነች። የሰፈራችን ቁልቁለትና ኮረት እግሯን በልቶታል። የመኪና እግር ይባላል፤ ሰው ያደርጋታል አማርኛችን። ጋሼ ኮፈኑን በሁለት እጃቸው ወደ ታች ተጭነው ይለቁታል። አንዴ ብድግ ብሎ ከረጋ ደኅና ነው፤ ሁለት ሦስቴ ከተንገዋለለ አሞርዛተሩ አልቆለታል።

ቅዳሜ ጠዋት ሥራው ይጀመራል። መጀመሪያ ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ። የጎማው ዳዶዎች መኪናዋ መሬት ላይ እንዳለች ይላላሉ፤ በአየር ላይ ጎማው አብሮ ስለሚዞር። ከዚያ ክሪክ፤ ከክሪኩም ጎን ወፍራም ግንድ። «ክሪክ ያመነ ጉም የዘገነ ነው» ይሉ ነበር፤ ግንዱ ሳይቆም ማናችንም ወደ መኪናዋ እንድንጠጋ አይፈቅዱም። የዛገ ቡሎን ከዋዜማው ላምባ ይጠጣል። እኛ ባትሪ እናበራለን፤ የወለቀውን ዳዶ በወተት ዱቄት ጣሳ እናጠራቅማለን።

ፊት ለፊት ያለው ሞላና አሞርዛተር አንድ ላይ ተጣምሮ የሚወርድ ነው፤ ከላይ በሦስት ዳዶ ይያዛል። መካከል ላይ ያለው አራተኛው ዳዶ ግን የተለየ ነው። እሱን ሞላው ሳይጨመቅ የፈታ ሰው የታመቀ ኃይል ፊቱ ላይ ይለቃል፤ «መልቀቅ» የሚለው የቃሉ ሥር እዚህ ላይ ሕይወት ያጠፋል። ስለዚህ ጋሼ የሞላ መጭመቂያውን ከፒያሳ ጋራዥ ለአንድ ቀን ይዋሳሉ፤ ሁለቱን ብሎን በየተራ ጥቂት ጥቂት እያጠበቁ ሞላውን ያሳጥሩታል። በዚያ ሰዓት ግቢው ጸጥ ይላል። እናታችን እንኳ ቡና መውቀጥ ታቆም ነበር።

ጎሚኒው ላይ ሌላ ትምህርት ነበር። በብረት መጋጠሚያ ውስጥ የሚገባው ይህ ላስቲክ ሲያልቅ መኪናዋ ታንኳኳለች። አዲስ ካልተገኘ ከአሮጌ የጭነት መኪና ጎማ ተቀርጾ ሲገባ አይቻለሁ። ጋሼ ቡሎኑን የሚያጠብቁት መኪናዋ ወርዳ ጎማዎቿ መሬት ከረገጡ በኋላ ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ የጠበቀ ጎሚኒ መኪናዋ ስትወርድ ተጠማዝዞ ይቀራል፤ ተጠማዝዞ የሚኖር ላስቲክ ደግሞ ቶሎ ይቀደዳል። ይህን የሚያስረዳ መጽሐፍ በአማርኛ አንብበው አልነበረም፤ እጅ ለእጅ የመጣ እውቀት ነው።

ይህ ሁሉ ልፋት የትርፍ ጊዜ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። የከተማዋ ታክሲ በአንድ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1955 የተወለደችው ፊያት 600፣ ሰይቼንቶ ነበረች፤ ከፊት ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዝ አንድ አግድም ባሌስትራ ብቻ ያላት ትንሽ ፍጥረት። የነዳጅ ዋጋ በዓለም ላይ ሲንር፣ ታሪፍ መጨመር የተከለከሉት የአዲስ አበባ ባለታክሲዎች የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ፤ የዘውዱ መንግሥት በዚያው ዓመት ሳያልቅ ወደቀ ማለት ይቻላል፤ ዐዲስ ዓመት በገባ በሁለተኛው ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። ስለ አብዮቱ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ስለ ተማሪውና ስለ ወታደሩ ነው። በቀን ገቢው ቤንዚንም፣ ጎማም፣ ባሌስትራም መግዛት ስላቃተው ሾፌር የሚተርክ ልቦለድ ቢኖረን በጉጉት አነብ ነበር። በደርግ ዘመን ላዳ መጣች፤ ከፊያት 124 የተወለደች፣ ለሶቪየት ሸካራ መንገድ ተብሎ እግሯ የተጠናከረ። ስለዚህም የጣልያንኛው መዝገበ ቃላታችን ሩስያ ዞሮ በመጣ መኪና ሥር ሌላ ዕድሜ አገኘ።

የቤት ውስጥ ጥገና ያልሞተውም በኪስ ምክንያት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ግብር ጣለ። አሮጌ ማስገባት ሲከብድ፣ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ዕድሜው ይረዝማል። መርካቶ ሶማሌ ተራ የሚሸጠው የሌላ መኪና እግር የኛይቱን ያስኬዳል።

በየካቲትና በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ በተዘረጋው የኮሪደር ልማት ብዙ ግቢ ፈረሰ፤ ባሻ ወልደ ችሎት አስቀድሞ ከአሥር ዓመት በፊት ሄዷል። መንገዱ ሰፍቷል፣ አስፋልቱ ለስልሷል፤ ይህን አለመናገር አድልዎ ይሆንብኛል፤ ጋሼ ቢያዩት ለዲኤክሷ እግር ደስ ይላቸው ነበር። የጠፋው መኪና ማንሻው ቦታ ነው። ከከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው፣ በጋራ መኪና ማቆሚያ ላይ ግንድ አጋድሞ፣ ላምባ አፍስሶ፣ ቀኑን ሙሉ መዶሻ ሲያሰማ ጎረቤት እስከ መቼ ይታገሠዋል? ልጆችስ ጣሳ ይዘው የት ይቆማሉ?

በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ተነገረ። የኤሌክትሪክ መኪና ካምቢዮና ፍሪሲዮን አያሻውም፤ ሁለቱ ቃላት ከመኪኖቹ ጋር ማርጀታቸው አይቀርም። ሞላና አሞርዛተር ግን አይቀሩም። ባትሪው በመቶ ኪሎዎች የሚቆጠር ክብደት ስለሚጨምር እንዲያውም ሥራቸው ይበዛል። የሚያሳስበኝ ስማቸው ነው።

ባለፈው ወር ሶማሌ ተራ አንድ ሃያ ዓመት ያልሞላው ሻጭ ዘንድ ቆሜ ነበር። በካርቶን የታሸገውን ዕቃ «ሾክ» እያለ ዋጋውን ነገረኝ። ከመደርደሪያው ሥር ዘይት ያንጠባጠበውን፣ ከአንዲት መኪና የወለቀውን አሮጌ ግን በእግሩ ገፋ አደረገና፣ «ይሄ አሞርዛተር አይሸጥም፣ አልቆለታል» አለኝ። ለምን ሁለት ስም እንደሰጣቸው ጠየቅሁት። አየት አደረገኝና፣ «አባባ፣ ይገዛሉ ወይስ አይገዙም?» አለኝ።