በጎንደር መጻተኛው ማን ነበር?



በአንድ አገር የሚኖሩ ሰዎች በተጣሉ ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ ከአፍ የሚወጣው ቃል «አንተ ደግሞ ከየት መጣህ?» የሚለው ነው። ነገሩ ለጆሮ የታሪክ ጥያቄ ይመስላል፤ ማን ቀድሞ እንደ ሰፈረ፥ ማን ዘግይቶ እንደ ደረሰ ለማወቅ የተጠየቀ ይመስላል። የጎንደርን ከተማ ታሪክ ያጠና ሰው ግን በዚያች ከተማ መጻተኛ የሚለው ስም በመድረሻ ዘመን ተቈጥሮ እንዳልተሰጠ ይገነዘባል። ስሙ የሚሰጠው ርስቱን ለተነጠቀው፥ ወይም በሹመት ለተሻማው ሰው ነበር። የዛሬው ንግግራችን ስለዚሁ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጠቅሳለን።

ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 ገደማ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ቤተ መንግሥታቸውን ሲተክሉ ጎንደር ገና ከተማ አልነበረችም። ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ነገሥታት አብዛኛውን ዘመናቸውን በድንኳን ከአገር ወደ አገር ሲዘዋወሩ የኖሩ ናቸውና፥ ቤተ መንግሥቱ በአንድ ሥፍራ ሲረጋ አብሮት የረጋው ሕዝብ ሁሉ ለሥፍራው እንግዳ ነበረ። መኳንንቱ ከየግዛታቸው መጡ፤ ሊቃውንቱና ደባትሩ ከጎጃም፥ ከሸዋ፥ ከላስታና ከትግራይ መጡ፤ የእስላም ነጋዴዎችም የምጥዋንና የስናርን መንገድ ይዘው መጡ። ከባሕር ማዶ የመጣም አልጠፋም። ኮጃ ሙራድ የተባለው አርመናዊ ነጋዴ የጎንደር ነገሥታት መልክተኛ ሆኖ ወደ ሕንድ፥ ዛሬ ጃካርታ እስከምትባለውም ባታቪያ ድረስ ይላክ ነበር። በአካባቢው ከጥንት ጀምሮ ከኖሩት መካከል ደግሞ በጭልጋና በከርከር ያሉት ቅማንቶች፥ በሰሜን ተራሮች፥ በወገራና በደምቢያ የነበሩትም ቤተ እስራኤል ይገኛሉ። ጎንደርን የመጻተኞች ከተማ ብንላት እንግዲህ ስድብ አይሆንባትም።

ከመጡትም ሁሉ እጅግ የሩቅ አገር ሰው ማን ነበር ቢባል ጳጳሱ ነበሩ። የጣልያንን ዘመን ካልቈጠርን፥ በ1951 ኢትዮጵያዊው አቡነ ባስልዮስ የሊቀ ጵጵስናን ማዕርግ እስከ ተቀበሉ ድረስ፥ የቤተ ክርስቲያኗ የበላይ አባት ከግብፅ የሚመጡ ነበሩ። ጳጳሱ ሲደርሱ የአገሩን ቋንቋ አያውቁም፤ የአገሩንም ሰው አያውቁም። ነገር ግን በጎንደር አቡን ቤት የሚባል የራሳቸው ሠፈር ነበራቸው፤ ንጉሥም የሚቀባው በእርሳቸው እጅ ነበር። እርሳቸውን መጻተኛ ብሎ ለማዋረድ የደፈረ አልነበረም፤ በሃይማኖት ክርክር የተቃወሟቸው ግን ብዙዎች ነበሩ።

አሁን ደግሞ በተቃራኒው ያለውን እንመልከት። ቤተ እስራኤል በሌላው ሕዝብ አፍ «ፈላሻ» ሲባሉ መኖራቸው የታወቀ ነው፤ እነርሱ ራሳቸው ስሙን አይወዱትም። ቃሉ ከግእዙ «ፈለሰ» የወጣ ነው፤ አገሩን የለቀቀ፥ ተንከራታች ማለት ነው። ተራራውን ትተው ያልሄዱ፥ ከብዙዎቹ ጎረቤቶቻቸውም ያላነሰ ዘመን በሥፍራው የኖሩ ሰዎች እንዴት በዚህ ስም ሊጠሩ ቻሉ? በትውፊት የሚነገረው መልስ ዐፄ ይስሐቅን፥ ይኸውም ከ1414 ጀምሮ የነገሡትን ንጉሥ ያነሣል። ንጉሡ ቤተ እስራኤልን በጦር ድል ካደረጉ በኋላ፥ የተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዲወርስ፥ ያልተጠመቀ ግን ፈላሲ እንዲሆን ዐወጁ ይባላል። ቀጥሎም ከዐፄ ሠርፀ ድንግልና ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር የተደረገው ጦርነት በሰሜን የቀረውን ኀይላቸውን ሰበረው። በ1620ዎቹ ዓመታት ነጻነታቸው ሲያበቃ ከመሬታቸው አብዛኛው በሌላ እጅ ገብቶ ነበር። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለውን ምሳሌ ሁላችን እናውቃለን፤ ለእነዚህ ባለቤቶች ግን አልሠራም። ፈላሲ የሆኑት ከቦታቸው ሳይነቃነቁ፥ በዐዋጅ ነው።

መሬት የሌለው ሰው እጁን ይሸጣል። ቤተ እስራኤልም አንጥረኞች፥ ሸማኔዎች፥ አናጢዎችና ግንበኞች ሆኑ፤ ሴቶቻቸውም ሸክላ ሠሩ። የጎንደር ግንቦችና አብያተ ክርስቲያናት ሲሠሩ የእጃቸው ሥራ የገባበት ብዙ ነው፤ ከግንበኞቹና ከአናጢዎቹም አለቆች አዝማችና በጅሮንድ የሚል ማዕርግ የተሰጣቸው ነበሩ። ያም ሆኖ ገበሬው ማረሻውን የሚሠራለትን ሰው ዐይኑን ይፈራ ነበር። «ቡዳ ነው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናል» እያለ ቀን የገዛውን ማረሻ ይዞ ወደ እርሻው ይሄዳል።

ይህ ጥርጣሬ በጎንደር በሕግ የተጻፈው በጻድቁ ዮሐንስ ዘመን ነው። የዘመኑን ሁኔታ ማስታወስ ይገባል። ዐፄ ሱስንዮስ የሮማን ሃይማኖት ተቀብለው አገሩ በደም ከታጠበ፥ እርሳቸውም በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ከለቀቁ ገና ሠላሳ ስድስት ዓመት መሆኑ ነበር። ካህናቱ «ከባዕድ ጋር መቀላቀል ያመጣብን ጥፋት ይህ ነው» የሚል ቍስል ነበራቸው፤ ቍስሉም እውነተኛ ነበር። በ1668 በጎንደር ጉባኤ ተደርጎ የሚከተለው ተወሰነ። ፍራንኮች ወደ አገራቸው ይመለሱ፤ የኢትዮጵያን ሃይማኖት የተቀበለ ግን ሊቀመጥ ይችላል። እስላሞች ከክርስቲያን ተለይተው በራሳቸው መንደር ይስፈሩ፤ ክርስቲያንም ለእነርሱ አገልጋይ ሆኖ አይደር። በዜና መዋዕሉ ካይላ የተባሉት ቤተ እስራኤልም እንደዚሁ ተለይተው ይቀመጡ።

ልብ እንበል፤ ሱስንዮስን ያሳመኑት ፍራንኮች ነበሩ። የቀሃ ነጋዴና የወገራ አንጥረኛ በዚያ ነገር ምንም እጅ አልነበራቸውም። ቂሙ ግን አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ በቅርብ ያገኘውን ሁሉ ያዘ።

ዐዋጁ ከዐሥር ዓመት በኋላ፥ በ1678 እንደ ገና ተደገመ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠራ ሰው የዚህን ትርጕም ለማወቅ አስረጂ አያሻውም፤ የሚደገም ትእዛዝ ያልተፈጸመ ትእዛዝ ነው። ሰው ጠዋት በገበያ ተገናኝቶ ይገበያያል፤ ግንበኛውም ከካህኑ ደሞዙን ይቀበላል፤ እንዴት ይለያይ? ቢሆንም ዐዋጁ ቀስ በቀስ የከተማዋን መልክ ሠራው። እስላሞቹ ከከፍታው በታች በቀሃ አጠገብ ሰፈሩ፤ ሠፈራቸው እስላም ቤት፥ ኋላም አዲስ ዓለም ተባለ። የቤተ እስራኤል ሥፍራ ደግሞ ካይላ ሜዳ ተብሎ ስሙ ቀረ። በ1699 ፖንሴ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም ወደ ጎንደር በመጣ ጊዜ እስላሞች በታችኛው በኩል ለብቻቸው ሰፍረው አግኝቷቸዋል። ፖንሴን ያስጠሩት ደግሞ የጻድቁ ዮሐንስ ልጅ ታላቁ ኢያሱ ናቸው። ንጉሡ በታመሙ ጊዜ፥ የፍራንክ መባረር በአባታቸው ከታወጀ ሠላሳ አንድ ዓመት ሳይሞላ፥ ፍራንክ ሐኪም ተፈለገ።

እስካሁን የተናገርነው ከቤተ መንግሥቱ ግንብ ውጭ ስለ ነበረው ነው። ከተማዋን የጣላት ግን በግንቡ ውስጥ የተነሣው «ከየት መጣህ» ነው።

እቴጌ ምንትዋብ የቋራ ተወላጅ ነበሩ። ባላቸው ዐፄ በካፋ በ1730 ሲሞቱ፥ በሕፃኑ ልጃቸው በዳግማዊ ኢያሱ ስም መንግሥቱን ያዙ፤ ወንድማቸውን ራስ ወልደ ልዑልንና ሌሎች ዘመዶቻቸውን ከቋራ አምጥተው ሾሙ። ቋረኞች በጎንደር ጌቶች ሆኑ። ኢያሱ ደግሞ በተራቸው ከወሎ ኦሮሞ ባላባት ልጅ ከውቢት ኢዮአስን ወለዱ። ኢያሱ በ1755 ሞተው ሕፃኑ ኢዮአስ ሲነግሡ የውቢት ወንድሞችና ዘመዶች ፈረሰኞቻቸውን ይዘው ወደ ከተማ ገቡ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሃያ አምስት ዓመት ነው። የገቡበትም በር አንድ ነው፤ የንጉሥ ጋብቻ። ሆኖም በመጀመሪያው በር የገባው በሁለተኛው የገባውን ባዕድ አለው።

ኦሮሞ ለዙፋኑ አዲስ ሰው አልነበረም። የፋሲለደስ አባት ሱስንዮስ በልጅነታቸው ተማርከው በኦሮሞ መካከል ያደጉ፥ በኦሮሞ ጦርም የተረዱ ንጉሥ ነበሩ። በኢዮአስ ጊዜ የተለወጠው ሹመቱ ነው። ከስኮትላንድ የመጣው ጀምስ ብሩስ፥ በዚያ ዘመን በቤተ መንግሥቱ ከኦሮምኛ በቀር ሌላ ቋንቋ አይሰማም ነበር ሲል ጽፏል። ብሩስ ጎንደር የደረሰው በ1770፥ ነገሩ ካለፈ በኋላ በመሆኑ፥ የጻፈው ካሸነፉት ወገኖች የሰማውን ነው፤ ስለዚህ ቃሉን በጥንቃቄ ማየት ይገባናል። ሰው የማይወደው ቋንቋ ሁልጊዜ ከልክ በላይ የሚነገር ይመስለዋል። ግን ንጉሡ አጎታቸውን ሉቦን በአማራ አገር ላይ ለመሾም ባሰቡ ጊዜ ተቃውሞው በርትቶ ሐሳባቸውን መተዋቸው፥ ነገሩ ምን ያህል እንደ ጋለ ያስረዳል።

ራስ ወልደ ልዑል በሕይወት ሳሉ ሁለቱን ወገን አመዛዝነው ይዘው ነበር። በ1767 ሲሞቱ ሚዛኑ ተሰበረ። የበጌምድር ግዛት ከእቴጌይቱ አማች ከማርያም ባርያው ተወስዶ ለንጉሡ አጎት ይሰጥ በተባለ ጊዜ ማርያም ባርያው እምቢ አሉ፤ በጦርነቱም የንጉሡ አጎት ሞተ። አሁን በመካከላቸው ደም ገባ። ከዚህ በኋላ የትግራዩ ገዥ ራስ ሚካኤል ስሑል ብዙ ሠራዊት ይዘው እንዲመጡ ተጠሩ። «መጻተኛ በዛብን» ብላ በጮኸች ከተማ ከተከዜ ማዶ ሌላ ጦር መጣ፤ ማርያም ባርያውም ተይዘው ተገደሉ። ሚካኤል ከንጉሡ ጋር ሲጣሉ ግን ኢዮአስ በግንቦት 1769 ተገደሉ። እስከዚያ ድረስ ሹም የንጉሥን ነፍስ በግልጽ አጥፍቶ በስሙ የሚያነግሥበት ልማድ አልነበረም። እርሳቸውን የተኩት አረጋዊው ዳግማዊ ዮሐንስም ዓመቱ ሳያልቅ ሞቱ። ታሪክ ጸሓፊዎች ዘመነ መሳፍንትን ከዚህ ይጀምሩታል።

ቀጥሎ የሆነውን ማሳጠር ይሻላል። ከ1784 ጀምሮ የየጁ መሳፍንት በጎንደር ነገሥታት ስም ገዙ። ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ከየጌታውም ቤት ተጋብተዋል፤ ነገር ግን ጠላት በተነሣባቸው ቍጥር የአያታቸው ዘርና ሃይማኖት ከመቃብር ይወጣባቸው ነበር። በ1853 በአይሻል ራስ ዐሊን ድል የነሡት ካሣ ኀይሉ፥ ኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ፥ የራስ ዐሊ ልጅ የተዋበች ባል ነበሩ። የመጡትም ከቋራ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ቋረኛ ሌላውን ባዕድ ባለባት ከተማ፥ አሁን ቋረኛው ራሱ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ተባለ። ቴዎድሮስም በ1866 ጎንደርን ዘርፈው አቃጠሏት።

በ1936 የገባው ጣልያን ይህን ክፍፍል ዐዲስ አድርጎ አልፈጠረውም፤ በነጭና በጥቍር መስመር አሰመረበት እንጂ። ቦዚዮ የተባለው አርኪቴክት በነደፈው ፕላን የነጮች ሠፈርና የአገሬው ሰው ሠፈር እንዲለያዩ ተደረገ፤ በ1937 የወጣውም ሕግ ጣልያናዊ ከአገሬው ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖር ከለከለ። ሕጉ በ1941 ከባለቤቶቹ ጋር ሄደ። ፒያሳ የሚለው ስም ግን እስከ ዛሬ አለ።

በዐዋጅ ፈላሲ የተባሉት ሰዎች ግን መጨረሻ በእውነት ፈለሱ። በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ ስምንት ሺህ ያህል ከሱዳን፥ በግንቦት 1991 ደግሞ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከዐሥራ አራት ሺህ በላይ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአይሮፕላን ተወሰዱ። በሱዳን መንገድና በስደተኞች ሠፈር የሞቱት በሺህ የሚቈጠሩ ናቸው። የደረሱባት አገር ከአውሮፓ፥ ከየመን፥ ከሞሮኮ በመጡ ሰዎች የቆመች፥ እርሷም እንደ ጎንደር የመጻተኞች አገር ናት። እዚያም «ከየት መጣህ» ተጠየቁ። በ1985 ረቢዎቹ ይሁዲነታቸውን በጥምቀት ሥርዐት ያድሱ ዘንድ በጠየቋቸው ጊዜ በኢየሩሳሌም አንድ ወር ያህል ተቀምጠው ተቃወሙ። በ1996 የለገሱት ደም በስውር ይጣል እንደ ነበር ተገልጦ ከዐሥር ሺህ በላይ ሰዎች በጠቅላይ ሚኒስትሩ መሥሪያ ቤት ፊት ተሰለፉ። በ2015ና በ2019ም ወጣቶቻቸው በፖሊስ ላይ አቤት ብለው አደባባይ ወጡ። በጎንደር እስራኤላውያን ሲባሉ የኖሩት እዚያ ኢትዮጵያውያን ተባሉ።

ከእነርሱም ወገን የቀሩ አሉ። አያቶቻቸው ክርስትናን ስለ ተቀበሉ ፈለስ ሙራ የተባሉት ከገጠር መሬታቸውን ጥለው ወደ ጎንደር ከተማ መጡ፤ በኪራይ ቤት ተቀምጠው መሄጃቸውን ይጠብቃሉ። የእስራኤል መንግሥት በ2015 ዘጠኝ ሺህ ያህል ሰዎች ለማስገባት ወስኖ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ሄደዋል፤ ብዙዎችም አሁን ድረስ አሉ። ከስድስት መቶ ዓመት በፊት ርስት ያስገኝ እንደ ነበር በትውፊት የሚነገረው ጥምቀት ዛሬ የሚያስቀር ሆኖባቸዋል። ከሐምሳ ዓመት በላይ የኖረች ሴት ከልጆቿ ተለይታ፥ የአያቷን እናት ስም የሚያውቅ ሽማግሌ ፈልጋ ምስክርነት ለማጻፍ ከወገራ ጎንደር፥ ከጎንደር ወገራ ትመላለሳለች።