ኮምፒዩተርና የልጆች የኅብረት ጨዋታ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



የመሥሪያ ቤት ሥራውን ፈጽሞ ማታ ወደ ቤቱ የሚገባ አባት፤ ልጆቹ በየማዕዘኑ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው በየመሣሪያቸው ላይ አቀርቅረው ሲያገኛቸው ቤቱ ጸጥ በማለቱ ደስ ይለዋል። እኔም ከእነዚህ አባቶች አንዱ ነኝ። ነገር ግን ጸጥታ ሁሉ ትምህርት፤ ጫጫታም ሁሉ ጥፋት እንዳልሆነ ካለፉት ስድሳ ዓመታት ታሪክ ለመረዳት ይቻላል። ዛሬ የምነግራችሁም ለልጆች ሒሳብንና የአስተሳሰብን ሥርዐት የሚያስተምር የኮምፒዩተር ጨዋታ ለማዘጋጀት የደከሙ ሰዎች፤ ልጅ ብቻውን ከመሣሪያ ጋር ከመፋጠጥ ይልቅ ከጓደኛው ጋር ሲመካከር ምን ያህል እንደሚጠቀም እንዴት እንደ ተረዱት ነው። የምጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በ1960 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ቢትዘር የተባሉ መሐንዲስ ከባልደረቦቻቸው ጋር «ፕላቶ» የተባለውን በኮምፒዩተር የማስተማር ዘዴ መሠረቱ። በ1970ዎቹ ዓመታት በዚሁ በፕላቶ ላይ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ከቀረቡት የሒሳብ ጨዋታዎች አንዱ፤ ወደ አሜሪካ ምዕራብ የሚደረገውን ጉዞ የሚመስል እሽቅድምድም ነበረ። ለተጫዋቹ ሦስት ቍጥሮች ይወጡለታል፤ እርሱም እነዚህን በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛት ወይም በማካፈል አዋሕዶ ባገኘው ውጤት ልክ መንገዱን ይገፋል። ለምሳሌ ያህል 1፣ 2 እና 4 ቢወጡለት፤ 1ንና 2ን ደምሮ በ4 ቢያባዛ 12 ያገኛል፤ 2ን በ4 አባዝቶ 1 ቢደምርበት ግን 9 ብቻ ያገኛል። ነገር ግን በአንድ ከተማ ላይ በትክክል ያረፈ ተጫዋች ወደሚቀጥለው ከተማ ስለሚዘል፤ አንዳንድ ጊዜ ትንሹ ቍጥር ከትልቁ ይሻላል።

ጆን ሲሊ ብራውንና ሪቻርድ በርተን የተባሉት ሊቃውንት ይህን ጨዋታ ሲመረምሩ፤ ብዙ ልጆች አንድ የለመዱትን ስልት ብቻ ይዘው ሌላውን ሳይሞክሩ እንደሚቀሩ አስተዋሉ። ስለዚህ ልጁን እየተከታተለ አልፎ አልፎ ምክር የሚሰጥ ፕሮግራም ጨመሩበት። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ልጁ የጐደለው የመደመርና የማባዛት ዕውቀት አልነበረም። የጐደለው «በሌላ መንገድስ ብትሞክረው?» የሚለው አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ነበረ።

ሁለተኛው እርምጃ በ1967 ዓ.ም. በማሳቹሴትስ ግዛት በኬምብሪጅ ከተማ ተደረገ። በዚያ ዋላስ ፎይርዛይግ፣ ሲሞር ፓፐርትና ሲንቲያ ሰሎሞን ከባልደረቦቻቸው ጋር «ሎጎ» የተባለውን ለልጆች የሚስማማ የኮምፒዩተር ቋንቋ አዘጋጁ። ፓፐርት በ1928 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ የተወለዱ፤ በጄኔቭም የሕፃናትን አስተሳሰብ ከመረመሩት ከዣን ፒያዤ ጋር የሠሩ የሒሳብ ሊቅ ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ለዚህ ቋንቋ «ኤሊ» ተጨመረችለት። ልጁ «ይህን ያህል ወደ ፊት ሂጂ፤ ይህን ያህል ወደ ቀኝ ዙሪ» ብሎ ሲያዛት መሥመር እያሠመረች ትሄዳለች።

ለምሳሌ፤ ልጁ ጎኖቹ እኩል የሆኑ ሦስት ማዕዘን ለመሥራት ቢፈልግ፤ የውስጡ ማዕዘን 60 ዲግሪ መሆኑን ስለ ተማረ «60 ዲግሪ ዙሪ» ብሎ ያዛል። ኤሊዋም የታዘዘችውን ትፈጽማለች፤ ሆኖም የሚወጣው ሥዕል የባለ ስድስት ጎን ቅርጽ ግማሽ ብቻ ይሆናል። ያን ጊዜ ጓደኛው ተነሥቶ በወለሉ ላይ እንደ ኤሊዋ ቢራመድና ቢዞር፤ ተነሥቶ ወደ ነበረበት አቅጣጫ እስኪመለስ ድረስ የዞረው ጠቅላላ 360 ዲግሪ መሆኑን፤ ይህም ለሦስት ሲካፈል 120 መሆኑን ሁለቱም ይረዳሉ። ስሕተቱ የሚያሳፍር ሳይሆን የሚያመራምር ሆነ ማለት ነው። ፓፐርትም በ1980 ዓ.ም. ባሳተሙት መጽሐፍ፤ መልካም የመማሪያ ቦታ ምን እንደሚመስል ለማስረዳት አዋቂውና ጀማሪው አብረው የሚጨፍሩበትን የብራዚልን የሳምባ ማኅበር ምሳሌ አድርገው ጠቅሰዋል።

ይሁን እንጂ በኅብረት መማር ይሻላል ማለትና ይህንን በፈተና ማረጋገጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በካናዳ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ፤ የሒሳብ ሊቋ ማሪያ ክላዌ የሚመሩት የምርምር ቡድን ስለ ሒሳብና ስለ ሳይንስ ጨዋታዎች ያጠና ነበር። ከቡድኑ ኮሪ ኢንክፐንና ባልደረቦቻቸው በቫንኩቨር ከተማ በሚገኘው የሳይንስ ማሳያ አዳራሽ ልጆችን አንድ ጨዋታ አጫወቱ። ጨዋታው ኳስን፣ ገመድንና መዘውርን በማገጣጠም የተሰጠውን እንቈቅልሽ መፍታት ነው። አንዳንዶቹ ልጆች ለብቻቸው፤ አንዳንዶቹ ጎን ለጎን በሁለት ኮምፒዩተር፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ሁለት ሆነው በአንድ ኮምፒዩተር ተጫወቱ። በ1995 ዓ.ም. እንደ ተገለጸውም በአንድ ኮምፒዩተር አብረው የተጫወቱት ለብቻቸው ከተጫወቱት የበለጠ ብዙ እንቈቅልሽ ፈቱ፤ በአንድ ኮምፒዩተር አብረው የተጫወቱ ሴቶች ልጆችም ጎን ለጎን ተቀምጠው በየመሣሪያቸው ከተጫወቱት ሴቶች ልጆች የበለጠ ፈቱ። የመሣሪያው ቍጥር ሲያንስ ሥራው በዛ።

ነገር ግን በዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። ማውሱን የያዘ ልጅ ገዥ፤ ያልያዘው ተመልካች ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ለአንድ ኮምፒዩተር ሁለት ማውስ አበጅተው፤ ተራው አንድ ጊዜ ያለው ሰው ሲሰጥ፤ ሌላ ጊዜ የሌለው ሰው ሲወስድ የሚተላለፍበትን ዘዴ ፈተኑ። ከዚህ የምንረዳው ልጆችን በአንድ ወንበር ማስቀመጥ ብቻውን ኅብረት እንዳልሆነ ነው። የጨዋታው ሥርዐት ራሱ ሁለቱም እንዲያስቡ የሚያስገድድ መሆን ይገባዋል።

በ1996 ዓ.ም. ክሪስ ሃንኮክና ስኮት ኦስተርዋይል «የዙምቢኒዎች ጉዞ» ሊባል የሚችለውን ጨዋታ አቀረቡ። ዙምቢኒዎች ከደሴታቸው የተሰደዱ ትናንሽ ፍጡራን ናቸው። እያንዳንዱ በጠጕሩ፣ በዐይኑ፣ በአፍንጫውና በእግሩ ይለያል። ለእያንዳንዱም አምስት ዐይነት ስላለው አምስት አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 625 ልዩ ልዩ መልክ ይገኛል። ዐሥራ ስድስት ሆነው ሲጓዙ ሁለት ድልድዮች ያጋጥሟቸዋል፤ የየድልድዩ ገደል የማይወደው መልክ ስላለ አንዳንዱን አስነጥሶ ይመልሳል። የሚፈቀደውም ስሕተት የተወሰነ ነው። ይህ ጨዋታ ለአንድ ሰውም ይበቃል፤ ሆኖም በዙሪያው ሦስት ልጆች ቢቀመጡ ሦስቱም ይከራከራሉ። አንዱ «ይህ ገደል ቀይ አፍንጫ ይጠላል» ሲል፤ ሌላው «አይደለም፤ ቅድም ቀይ አፍንጫ ያለው አልፏል» ይለዋል። አድማጮቼ ሆይ፤ አንድን ጠቅላላ አባባል በአንድ ተቃራኒ ምሳሌ ማፍረስ ሊቃውንት በብዙ ድካም የሚያስተምሩት የአመክንዮ ሥርዐት ነው። ልጆቹ ግን በጨዋታ ይዘውታል።

የዚህ ታሪክ ጭራ አገራችንንም ነክቷል። በ2012 ዓ.ም. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት መሪ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ፤ በወንጪና በወለንጪቲ ትምህርት ቤት ላልገቡ ሕፃናት ታብሌቶች በታሸገ ካርቶን እንደ ተሰጧቸው ተናገሩ። እርሳቸው እንዳሉት አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ መሣሪያውን አበራ። ሙከራው ስለ ፊደል እንጂ ስለ ሒሳብ አልነበረም፤ ምስክሩም የሥራው ባለቤት ራሱ ስለ ሆነ በጥንቃቄ መስማት ይገባል። ይሁን እንጂ የድርጅቱ ስም «አንድ ለአንድ» ቢልም፤ አንዱ ያበራውን ሌላው አይቶ ማብራቱ የማይቀር ነው።

እኔም ይህን ካነበብሁ በኋላ ባለፈው እሑድ ከሁለቱ ልጆቼ መሣሪያዎች አንዱን ቈለፍሁበት። መጀመሪያ ዐሥር ደቂቃ ያህል ጠብ ሆነ፤ እኔም ተጸጸትሁ። ቀጥሎ ግን ታናሺቱ «ለምን እንደዚያ አደረግህ?» ብላ ወንድሟን ስትጠይቀው ሰማሁ። እርሱም ለማስረዳት ሲሞክር ስሕተቱን ራሱ አገኘው።

ወላጆች ሆይ፤ ለልጆቻችን ጨዋታ ስንመርጥ «ልጁን ጸጥ ያደርገዋልን?» ብለን ሳይሆን «ከጓደኛው ጋር ያነጋግረዋልን?» ብለን እንጠይቅ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፤ ለአንድ ልጅ ሸክም የሆነው ሒሳብ ለሁለት ሲካፈል ጌጥ ይሆናል። ለዚህም ማታ በቤታችን ጥቂት ጫጫታ ብንታገሥ ዋጋው ብዙ አይደለም።