የወተት ጥርስ፦ እንክብካቤውና የልጅ የመጀመሪያ የጥርስ ሐኪም ጉብኝት

የወተት ጥርስ ሕፃን በመጀመሪያ የሚያወጣውና ከ6 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜ ተራ በተራ እየወለቀ ለቋሚ ጥርስ ቦታውን የሚለቅ የጥርስ ስብስብ ነው። በላይኛው መንጋጋ 10፣ በታችኛው 10፣ በድምሩ 20 ሲሆን፣ 8ቱ የፊት ጥርሶች፣ 4ቱ ክራንቻዎች፣ 8ቱ ደግሞ የመንጋጋ ጥርሶች ናቸው። በየቤቱ ችላ የሚባለው «ይወልቅ የለ!» ስለሚባል ነው። መውለቁ እውነት ነው፤ ግን የመጨረሻው የወተት መንጋጋ የሚወልቀው ልጁ አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ክፍል ሲደርስ ነው። በ3 ዓመቱ የተቦረቦረ መንጋጋ ካልታከመ ልጁ በዚያ ጥርስ ስምንት ዓመት ያህል ሊበላበት፣ ሊታመምበትና እንቅልፍ ሊያጣበት ይችላል።

ጥርሱ ከማኘክና ቃላትን አጥርቶ ከመናገር ሌላ አንድ የማይታይ ሥራ አለው። ከሥሩ የሚመጣው ቋሚ ጥርስ እስኪደርስ ድረስ ለወንድሙ ወንበር ይዞ እንደሚጠብቅ ልጅ ቦታውን ይጠብቃል። ያለጊዜው ከተነቀለ በግራና በቀኝ ያሉት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ ቋሚው ሲመጣ መግቢያ አጥቶ ጠምሞ ይበቅላል ወይም ድድ ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። በ13 ዓመት ልጅ አፍ ውስጥ የሚታይ የተነባበረ ጥርስ አንዳንዴ መነሻው በ5 ዓመቱ የተነቀለ መንጋጋ ነው።

አበቃቀሉ

የጥርስ ጥንስስ የሚጀምረው ጽንሱ ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሞላው ነው፤ በአራተኛው ወር መጠንከር ይጀምራል። ሕፃኑ ሲወለድ ድዱ ባዶ ቢመስልም የ20ዎቹም ጥርሶች አናት ከውስጥ በከፊል ተሠርቶ ይጠብቃል። ከ6 እስከ 10 ወር ባለው ጊዜ የታችኞቹ ሁለት የፊት ጥርሶች ብቅ ይላሉ፤ ቀጥሎ የላይኞቹ ይመጣሉ። የመጀመሪያዎቹ መንጋጋዎች ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ክራንቻዎቹ በዓመት ከመንፈቅ ግድም፣ የኋላ መንጋጋዎች ደግሞ በ2 ዓመት ዙሪያ ወጥተው፣ ሕፃኑ ሦስተኛ ዓመቱን ሲይዝ አፉ ይሞላል። ጥቂት ወራት መቅደምም መዘግየትም ያለ ነገር ነው። ዓመት ከመንፈቅ አልፎት አንድም ጥርስ ያላወጣ ልጅ ግን ሐኪም ቢያየው ይመረጣል።

መውለቅ የሚጀምረው በ6 ዓመት አካባቢ፣ ቀድመው ከወጡት የታችኛ የፊት ጥርሶች ነው። ልጆች የወለቀውን ጥርስ ወደ ጣሪያ የሚወረውሩት ከዚያ ጀምሮ ነው። በዚሁ ዕድሜ ከወተት መንጋጋዎች ኋላ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ አንድ አዲስ መንጋጋ ይወጣል። ይህ ቋሚ ነው፤ ዕድሜ ልክ ሊቆይ የመጣ ነው። ብዙ ወላጅ የወተት ጥርስ መስሎት ችላ ስለሚለው ቀድሞ ሲቦረቦር የሚገኘው ብዙ ጊዜ ይኸው ጥርስ ነው። አዲሶቹ ጥርሶች ከወተቶቹ ጎን ሲታዩ ቢጫ መምሰላቸው ደግሞ ቆሻሻ አይደለም፤ ቋሚ ጥርስ ተፈጥሮው እንዲያ ነው።

ጥርስ ማውጣትና «ግግ»

ጥርስ ሲወጣ ሕፃኑ ለሐጭ ያበዛል፣ ያገኘውን ይነክሳል፣ ይነጫነጫል፣ ሌሊት ይነቃል። ኃይለኛ ትኩሳትና ተቅማጥ ግን ከጥርስ አይመጡም። ጥርስ ማውጣትና እነዚህ ሕመሞች የሚገጣጠሙት በዕድሜ ነው፤ በ6 ወር ግድም ከእናቱ የወረሰው የበሽታ መከላከያ እየሳሳ ይሄዳል፣ ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል፣ መዳህና ያገኘውን ሁሉ አፉ መክተት ይከተላል። ተቅማጥ ያመጣውን ጀርም ትቶ ጥርሱን መክሰስ ሕፃኑን የሚያድነውን ሕክምና ያዘገያል።

ከዚህ ስሕተት የከፋው ግግ ማስወጣት ወይም የወተት ጥርስ ማስነቀል የሚባለው ልማድ ነው። ገና ያልወጣው ክራንቻ ድድ ውስጥ ሆኖ ነጣ ያለ እብጠት ይመስላል፤ ሕፃኑ ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው ጥፋቱ በዚህ እብጠት ይላከክና በምላጭ፣ በመርፌ ወይም በሌላ ስለት ተፈልፍሎ ይወጣል። ትል ነው ተብሎ ለእናት የሚታየው ለስላሳ ነገር ገና ያልጠነከረው የልጇ ጥርስ ነው። ልማዱ በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በኡጋንዳ፣ በኬንያና በታንዛንያ የሚታወቅ ሲሆን፣ ዴንማርካዊው የአፍ ሕክምና ሊቅ የንስ ፒንድቦርግ እ.ኤ.አ. በ1969 የኡጋንዳውን አስመልክቶ ጽፏል። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤል ልጆችም አፍ ሲመረመር የክራንቻዎቹ አለመኖር የእስራኤል ጥርስ ሐኪሞችን አነጋግሯል፤ ስለዚህ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1994 ጥናት ታትሟል።

ጉዳቱ ደም መፍሰስ፣ መመርቀዝ፣ ቲታነስና በስለቱ የሚተላለፍ በሽታ ነው። የተረፈውም ልጅ ከሥር የነበረው የቋሚ ክራንቻ ጥንስስ ተነክቶበት ከዓመታት በኋላ ጎደሎ ወይም ቅርጹ የተበላሸ ጥርስ ሊያወጣ ይችላል። የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት ሕፃንን መጉዳትን ያስቀጣል። ለሚያሳክከው ድድ በንጹሕ ውሃ የራሰ ቀዝቃዛ ጨርቅ ማስነከስ ይበቃል፤ ለተቅማጡ ኦ.አር.ኤስ. እየሰጡ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። ማደንዘዣ ያላቸው የድድ ቅባቶች ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጡም።

መቦርቦር

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት የወተት ጥርሳቸው የተቦረቦረ ልጆች በዓለም ላይ 514 ሚሊዮን እንደሚሆኑ ገምቷል። የሚቦረቡረው ትል አይደለም። ስትሬፕቶኮከስ ሚውታንስን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች ከምግብ ያገኙትን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱ ኢናሜል የሚባለውን የጥርስ ጠንካራ ሽፋን ያሟሟዋል። የወተት ጥርስ ሽፋን ከቋሚው ስስ፣ ውስጡ ያለው የነርቭ ክፍል ደግሞ ሰፊ ስለሆነ ጉድጓዱ ነርቭ ጋ የሚደርሰው ቶሎ ነው። ባክቴሪያው የሚገባው ብዙ ጊዜ በአሳዳጊው ምራቅ ነው፤ አላምጦ ማጉረስና ማንኪያ ቀምሶ መልሶ መስጠት ያስተላልፉታል። ስለዚህ የራሷን ጥርስ ያሳከመች እናት የልጇንም ጠብቃለች።

የመጀመሪያው ምልክት ቀዳዳ አይደለም። በላይኞቹ የፊት ጥርሶች ላይ፣ ድዱ ጫፍ አጠገብ የሚታይ የኖራ ቀለም ያለው ነጭ መስመር ነው። የታችኞቹን ምላስና ምራቅ ስለሚጠብቃቸው ብዙ ጊዜ ይተርፋሉ። ነጩ መስመር በጊዜው ከታየ መልሶ ሊጠነክር ይችላል፤ ቡናማ ሆኖ ከጎደጎደ ግን አይመለስም። ወላጅ በወር አንድ ጊዜ የልጁን የላይ ከንፈር ገለጥ አድርጎ በብርሃን ቢያይ ብዙ ይቆጥባል።

ከስኳሩ መጠን በላይ የሚጎዳው ድግግሞሹ ነው። በምሳ ሰዓት አንዴ የተበላ ጣፋጭ ቀኑን ሙሉ እየተላሰ ከሚውል ከረሜላ ያነሰ ይጎዳል። እጅግ የከፋው ደግሞ ስኳር ያለው ሻይ፣ ጭማቂ ወይም ጣፋጭ አጥሚት በጡጦ ይዞ መተኛት ነው፤ እንቅልፍ ላይ ምራቅ ስለሚቀንስ አሲዱን የሚያጥበው ነገር የለም። ማርም ስኳር ነው፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ደግሞ ከጥርስ ውጪም አደገኛ ነው። የእናት ጡት እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ የሚመከር ስለሆነ በጥርስ ሰበብ አይቋረጥም፤ ጥርስ ከወጣ በኋላ ግን ማታ ማታ ጥርሱን ማጽዳት ይጨመርበታል።

አቦራረሽ

መቦረሽ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጥርስ ብቅ ባለ ዕለት ነው። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ከ3 ዓመት በታች በሩዝ ፍሬ፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት በአተር ፍሬ መጠን ይበቃል፤ ማስታወቂያ ላይ ብሩሹን ሞልቶ የሚታየው የገበያ ጉዳይ ነው። በቀን ሁለቴ ይቦረሻል፤ አንዱ የግድ ከመኝታ በፊት መሆን አለበት። ልጁ አረፋውን ይትፋ እንጂ በውሃ አይጉመጥመጥ፤ ፍሎራይዱ ጥርሱ ላይ መቆየት አለበት። እስከ 7 ወይም 8 ዓመት ድረስ የሚቦርሸው ወላጅ ነው፤ ልጁ ብሩሹን ይዞ ከተጫወተ በኋላ ወላጁ ይጨርሰዋል። ለሕፃን የሚመቸው ጭኑ ላይ አጋድሞ ከራስጌው ሆኖ መቦረሽ ነው። የወይራና የክትክታ መፋቂያ ለአዋቂ ጥሩ ልማድ ቢሆንም ፍሎራይድ የለውም፣ ለሕፃን ድድም ይሻክራል።

በስምጥ ሸለቆ ለሚኖሩ ቤተሰቦች አንድ ጥንቃቄ ይጨመራል። በዚያ ብዙ የጉድጓድ ውሃ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ አለው። በወንጂና በዙሪያዋ የሚታወቀው የበለዘ ጥርስ ምክንያቱ ይኸው ነው። የሚበልዘው በብዛት ቋሚው ጥርስ ነው፤ ጉዳቱ የሚደርሰው ግን ጥርሱ ድድ ውስጥ ሲሠራ፣ ማለትም በመጀመሪያዎቹ 8 ዓመታት ነው። ስለዚህ በተቻለ መጠን የዝናብ ውሃ ወይም ፍሎራይዱ የተቀነሰለት ውሃ ለአዋቂው ሳይሆን በቅድሚያ ለሕፃናቱ ይሰጥ። ውሃ ማፍላት ፍሎራይድን አይቀንስም።

ሐኪም ዘንድ መውሰድ

የሕፃናት ጥርስ ሐኪሞች ምክር የመጀመሪያው ጉብኝት የመጀመሪያው ጥርስ በወጣ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ልጁ ዓመት ሳይሞላው እንዲሆን ነው። ይህ ቅንጦት ይመስላል። ነገር ግን የልጅ የጥርስ ሐኪም ፍርሃት የሚወለደው በአብዛኛው ሌሊቱን ሲያለቅስ አድሮ፣ ጉንጩ አብጦ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደማያውቀው ክፍል ሲገባና እዚያም ሲነቀልለት ነው። በሽታ ሳይኖር የገባ ልጅ ክፍሉን፣ ወንበሩንና ነጩን ጋውን ያለ ሕመም ይለማመዳቸዋል። የመጀመሪያው ምርመራ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል፤ ሐኪሙና እናት ፊት ለፊት ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ይቀመጣሉ፣ ሕፃኑ እግሩን በእናቱ ወገብ ዙሪያ አድርጎ ራሱን ሐኪሙ ጭን ላይ ያሳርፋል። ቀና ሲል የሚያየው የእናቱን ፊት ነው። ቢያለቅስም አይደንቅም፤ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ ልቅሶ የተለመደ መልስ ነው፣ ሲያለቅስ ደግሞ አፉ ይከፈታል።

ዝግጅቱ ግን ቤት ውስጥ ይጀምራል፣ ትልቁም ክፍል ከሚባለው ይልቅ የማይባለው ነው። «አርፈህ ካልተቀመጥክ ዶክተሩ መርፌ ይወጋሃል» ተብሎ ያደገ ልጅ ክሊኒክ ሲገባ ቅጣት እንደመጣ ቢያስብ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ጎረቤት ሲመጣ ስለ ጥርስ መነቀል የሚወራው ቡና ላይ ነው፤ ልጁም እዚያው ተቀምጦ ይሰማል። ለንደን ይሠራ የነበረው የሥነ ልቦና ሊቅ ስታንሊ ራክማን እ.ኤ.አ. በ1977 ፍርሃት በሦስት መንገድ እንደሚገኝ ጽፎ ነበር፤ ራስ ላይ በደረሰ፣ በሌላ ሰው ላይ ሲደርስ በታየና በተነገረ ነገር። ከሦስቱ ሁለቱ በወላጅ እጅ ናቸው።

«አያምህም፣ መርፌ የለም» ብሎ ቃል መግባትም አይጠቅምም፤ ልጁ የሚሰማው «ያማል» እና «መርፌ» የሚሉትን ብቻ ነው፣ ቃሉ ከፈረሰ ደግሞ ሁለተኛ አያምንም። ልብስ ልንገዛ ነው ብሎ አታልሎ መውሰድ ከሁሉ የከፋ ነው። ለትንሽ ልጅ ቀጠሮው አንድ ቀን ቀደም ብሎ በአጭሩ ይነገረዋል፦ «ነገ ዶክተሯ ጥርሶችህን ታይልሃለች፣ ትቆጥራቸዋለች።» ማታ ሲቦረሽ ጋደም ብሎ አፉን መክፈትና ጥርሱን ጮክ ብሎ እየቆጠሩ መጫወት ጥሩ ልምምድ ነው። ቀጠሮ ጠዋት ይሻላል፤ የራበው ወይም እንቅልፉ የመጣ ልጅ አይተባበርም። ሐኪም የሚፈራ አባት ካለ ደፋሯ አክስት ብትወስደው ይመረጣል። ሲመለሱ ከረሜላ መሸለም ደግሞ የመጡበትን ጉዳይ ማፍረስ ነው፤ እንዴት እንደተቀመጠ ለይቶ ማሞገስ ይበልጣል።

ጥሩ ሐኪም በበኩሉ አሜሪካዊው ሃሮልድ አድልስተን እ.ኤ.አ. በ1959 የገለጸውን መንገድ ይከተላል፦ መጀመሪያ ይነግራል፣ ከዚያ ያሳያል፣ ቀጥሎ ይሠራል። መስተዋቱን በልጁ ጥፍር ላይ ያስነካዋል፣ ውሃ መርጫውን እጁ ላይ ይሞክርለታል። ልጁ እጁን ሲያነሣ ሥራው እንደሚቆም መስማማትም ይረዳል፤ እጁ ተነሥቶ ካልተቆመ ግን ስምምነቱ ባይኖር ይሻል ነበር።

ወጪው ከአገር አገር ይለያያል። በኢትዮጵያ የጥርስ ክሊኒኮች በአብዛኛው ከተማ ውስጥ ስለሆኑ ለገጠር ቤተሰብ ቅርቡ ጤና ጣቢያው ነው። በውጭ የሚኖሩ ወላጆች ግን ያላቸውን መብት ሳያውቁ የሚቀሩበት ጊዜ አለ፤ በእንግሊዝ እስከ 18 ዓመት የሕዝብ ጤና አገልግሎቱ የጥርስ ሕክምና ነፃ ነው፣ በአሜሪካ ሜዲኬድ ያላቸው ልጆች ጥርስም ይሸፈናል፣ በእስራኤልም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ የልጆች ጥርስ ሕክምና በጤና መድኑ ውስጥ ገብቷል።

ሕክምናው

ጉድጓድ ያለው የወተት ጥርስ ሁሉ አይነቀልም። ፍሎራይድ መቀባት፣ በእጅ መሣሪያ ብቻ ጠርጎ መሙላትና በብረት ቆብ መሸፈን አማራጮች ናቸው። በእጅ መሣሪያ የሚሠራው ዘዴ በ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በታንዛንያ የተጀመረ ሲሆን መብራት በሌለበትም ይሠራል። ሲልቨር ዲያሚን ፍሎራይድ የሚባለው ፈሳሽ መቦርቦሩን ያለ መርፌና ያለ መሰርሰሪያ ያቆማል፤ የተቀባውን ቦታ ግን ያጠቁረዋል፣ ወላጅ ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል። መነቀል ግድ ከሆነ ቦታ የሚይዝ ሽቦ እንዲደረግለት መጠየቅ ተገቢ ነው። ያበጠ ፊትና ትኩሳት ያለው ልጅ ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በዚያኑ ቀን ይታያል።

በመውደቅ ስለሚወልቅ ጥርስ አንድ ልዩነት ይታወቅ። በአደጋ የወለቀ የወተት ጥርስ ወደ ቦታው አይመለስም፤ መመለሱ ከሥሩ ያለውን ቋሚ ጥርስ ይጎዳል። ከ6 ዓመት በላይ የሆነ ልጅ የፊት ጥርስ ግን ቋሚ ሊሆን ስለሚችል፣ ሥሩን ሳይነኩ አናቱን ይዘው፣ ከቆሸሸ ለአፍታ አለቅልቀው ወዲያው ቦታው ይመልሱት፤ ካልተቻለም ወተት ውስጥ አድርገው በአንድ ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ ይድረሱ።