ባይፖላር ሕመም ያለባቸው ወላጆች ልጆች፦ ቀድመው የሚታዩ ምልክቶችና የእኛ ድርሻ

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ ወይም በዙሪያው ባሉ የገጠር አጥቢያዎች ለዓመታት የኖራችሁ ከሆነ እንዲህ ያለ ቤተሰብ ሳታውቁ አትቀሩም። አባት ለሳምንታት እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ይሰነብታል። ያለማቋረጥ ይናገራል፤ በሬውን ሸጦ ገንዘቡን ላገኘው ሁሉ ይበትናል፤ የከለከለውን ይቆጣል። ከወራት በኋላ ደግሞ ያው ሰው ከመደብ አይነሳም፤ ማሳው ጦም ያድራል። ጎረቤት «ለከፈው» ወይም «መጋኛ መታው» ይላል። እኛም ለእርሱ እንጸልያለን። ነገር ግን በምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ይህን ሁሉ የሚያየውን ልጅ ማን ጠየቀው? የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ልጅ ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ባይፖላር የስሜት ሕመም ነው። ሁለት ጫፎች አሉት። አንደኛው ማኒያ ይባላል፦ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት የሚቆይ ከልክ ያለፈ ደስታ ወይም ብስጭት፣ ብርታት፣ የእንቅልፍ ፍላጎት መቀነስ፣ የሐሳብ መሮጥና ያልታሰበበት ወጪ ይታይበታል። ሁለተኛው ድባቴ ነው፦ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚዘልቅ ከባድ ሐዘን፣ ድካምና ተስፋ መቁረጥ ነው። በሁለቱ መካከል ሰውየው ፍጹም ጤነኛ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ ስላለ ብዙዎች «ድኗል» ብለው ሕክምናውን ያስቆሙታል።

ሕመሙ የከተሜ ወይም የውጭ አገር ሰው ሕመም አይደለም። በቡታጅራና አካባቢው በገጠር ጭምር በተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ሰፊ ጥናት 68,378 ሰዎች ተጠይቀው ነበር። በዚህ ጥናት ከመቶ ወንዶች 0.6፣ ከመቶ ሴቶች 0.3 ያህሉ በሕይወታቸው ከባዱ የባይፖላር ዓይነት እንደያዛቸው ተገምቷል። የማኒያው መነሻ ዕድሜ በአማካይ 22 ዓመት ነበር። ከታማሚዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወደ ዘመናዊ ሕክምና ሄደው አያውቁም።

ልጆቹ ምን ያህል ይጋለጣሉ?

በመጀመሪያ የምሥራቹን እንናገር፦ ባይፖላር ካለበት ወላጅ የተወለዱ አብዛኞቹ ልጆች በዚህ ሕመም አይያዙም። ይሁን እንጂ ሕመሙ በዘር የመተላለፍ ዝንባሌ ስላለው ልጆቹ ከሌላው ሰው ይልቅ ይጋለጣሉ። በአሜሪካ በፒትስበርግ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት ሕመሙ ያለባቸውን የ233 ወላጆች 388 ልጆች መርምሯል። ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 18 ከሆነው ከእነዚህ ልጆች ከመቶ 10.6 ያህሉ አንድ ዓይነት የባይፖላር ሕመም ተገኝቶባቸዋል። ለንጽጽር ከተወሰዱት ልጆች ግን የተገኘባቸው ከመቶ 0.8 ብቻ ነበሩ።

ይህ እርግማን አይደለም፤ የአባት ኃጢአት በልጅ ላይ ወረደ ማለትም አይደለም። አባቱ የደም ግፊት ያለበት ሰው የራሱን ግፊት ቶሎ ቶሎ እንደሚለካ ሁሉ፣ እነዚህን ልጆችም ቀድሞ መከታተል ያስፈልጋል።

ቀድመው የሚታዩ ምልክቶች

ማኒያ ብዙውን ጊዜ በድንገት አይመጣም። እነዚህን ልጆች ለዓመታት የተከታተሉ የካናዳና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ከሕመሙ በፊት የሚታዩ ነገሮችን ለይተዋል።

1. በልጅነት ጭንቀትና የእንቅልፍ መታወክ። ልጁ ያለ ምክንያት ይፈራል፤ ከእናቱ ተለይቶ መዋል ይከብደዋል፤ ሌሊት ይባንናል።

2. ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ስሜት። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከሳቅ ወደ ለቅሶ፣ ከለቅሶ ወደ ቁጣ ይገለበጣል፤ ቁጣውም ከምክንያቱ ጋር አይመጣጠንም።

3. በጉርምስና ዕድሜ የሚመጣ ድባቴ። ብዙውን ጊዜ ባይፖላር በእነዚህ ልጆች ላይ የሚጀምረው በማኒያ ሳይሆን በድባቴ ነው። ጎበዝ ተማሪ የነበረች ልጅ ትምህርቷን ትተዋለች፤ ከመዘምራን ጓደኞቿ ትርቃለች፤ «ብሞት ይሻለኛል» ትላለች።

4. ለጥቂት ቀናት የሚታይ ቀለል ያለ ማኒያ። ሦስትና አራት ሰዓት ብቻ ተኝቶ አይደክመውም፤ ንግግሩ ይፈጥናል፤ ከዓቅሙ በላይ የሆነ እቅድ ያወጣል፤ ከዚያም ወደ ቀድሞው ይመለሳል።

እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የፒትስበርግ ጥናት ውጤት እንዳሳየው፣ ጭንቀት ወይም ድባቴ፣ የስሜት መለዋወጥና ቀለል ያለ ማኒያ አንድ ላይ የታዩበትና ወላጁም ከ18 ዓመቱ በፊት የታመመበት ልጅ ሕመሙ የመከሰት ዕድሉ ወደ ግማሽ ይጠጋል። ከእነዚህ አንዱም የሌለበት ልጅ ግን ዕድሉ ከመቶ 2 ገደማ ነው። እንግዲህ አንድ ምልክት ብቻውን ልጁ ታሟል አያሰኝም። የሚያሳስበው ምልክቶቹ ሲደራረቡ፣ ከልጁ የቀድሞ ጠባይ ሲለዩ፣ እየመጡ ሲመላለሱና ትምህርቱን ወይም ሥራውን ሲያስተጓጉሉ ነው። ኩርፊያና መቅበጥ ግን በማንኛውም ጎረምሳ ላይ አሉ።

በእኛ አካባቢ ልብ ልንላቸው የሚገቡ ነገሮች

ከገጠር ቀበሌ ወጥተው በፍኖተ ሰላም ወይም በቡሬ ቤት ተከራይተው የሚማሩትን ልጆች አስቡ። ስንቃቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ምናልባት ለሳምንታት ከወላጅ ዓይን ይርቃሉ። ሌሊቱን ሙሉ ሲነቁ ማን ያያቸዋል? ስለዚህ አከራዮች፣ መምህራንና የወጣት አገልጋዮች ዓይን ልንሆናቸው ይገባል።

ሁለተኛው እንቅልፍ ነው። እንቅልፍ ማጣት ማኒያን ሊቀሰቅስ ይችላል። የአዳር ጸሎት መልካም ነው፤ ነገር ግን ወላጁ ባይፖላር ያለበትና ምልክት የታየበት ወጣት ተከታታይ ሌሊቶችን እንዲያድር ማድረግ አደጋ አለው። ቀን ይጸልይ፤ ሌሊት ይተኛ። ጾምን በተመለከተም ሊቲየም የሚወስድ ሰው ውኃ ካልጠጣ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ከልክ በላይ ሊጠራቀም ስለሚችል አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ሦስተኛው አረቄና ጫት ነው። ሁለቱም እንቅልፍን ያበላሻሉ፤ ስሜትንም ያናውጣሉ። ለተጋለጠ ልጅ «ለአንድ ቀን ነው» የሚባል ነገር የለም።

አራተኛው ደግሞ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የተቀሰቀሰው ግጭት ያመጣው ችግር ነው። መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት ይቋረጣል፤ መድኃኒት ሲቋረጥ የወላጁ ሕመም ይመለሳል፤ ልጁም እንደገና ይናወጣል። መንገድ በተከፈተ ጊዜ ለተጨማሪ ሳምንታት የሚሆን መድኃኒት እንዲሰጣችሁ ሐኪሙን ጠይቁ።

መንፈሳዊ ቅናት ወይስ ሕመም?

ይህ ጥያቄ ለእኛ ለአማኞች ከባዱ ነው። አንድ ወጣት በድንገት ሌሊትና ቀን መስበክ ቢጀምር፣ «ልዩ ተልእኮ ተሰጥቶኛል» ቢል፣ አንዳንዶቻችን እሳት ወረደበት ብለን ደስ ይለናል። ሌሎቻችን ደግሞ ጋኔን ነው ብለን እጅ እንጭናለን። ሁለቱም ችኩል ፍርድ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ብለን እንጠይቅ፦ ይተኛልን? ይበላልን? ሲመክሩት ይሰማልን? በቤተሰቡ እንዲህ የታመመ ሰው አለን? መልሱ የሚያሳስብ ከሆነ ጸሎታችንን ሳንተው ወደ ሐኪም እንውሰደው። ወንጌልን የጻፈው ሉቃስ ራሱ ሐኪም ነበር። ጸሎትና መድኃኒት ባላንጣዎች አይደሉም። በምንም ምክንያት ግን አንድን ሕመምተኛ «እምነት ካለህ ክኒኑን ጣል» አንበለው።

ምን እናድርግ?

ለልጁ እውነቱን በዕድሜው ልክ ንገሩት፦ «እናትህ ታማለች፤ ሕመሙ በአንተ ጥፋት አልመጣም፤ የምትድንበትን መንገድ ትልልቆች እየፈለጉ ነው።» ዝም ስንለው ልጁ ራሱን ይወቅሳል። የሚተማመንበት አንድ ትልቅ ሰው፣ አክስትም ይሁን አጎት ወይም የሰንበት ትምህርት አስተማሪ ይኑረው። የመኝታና የመነሻ ሰዓቱ የተወሰነ ይሁን። ከብት መጠበቁና ታናናሾቹን መንከባከቡ በእርሱ ትከሻ ብቻ አይውደቅ። የወላጁ መታከም ራሱ ለልጁ ትልቅ ጥበቃ ነው።

ምልክቶቹ ከተደራረቡ በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋንም አማክሯት። ከዚያ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ሆስፒታሎች ሪፈር ይጻፍላችኋል። ለሐኪሙ የወላጁን ሕመም ሳትደብቁ ተናገሩ። ባይፖላር ላለበት ሰው የድባቴ ክኒን ብቻውን ሲሰጥ ማኒያ ሊያስነሳ ስለሚችል ይህ መረጃ ሕክምናውን ይለውጠዋል። የልጁን የእንቅልፍ ሰዓትና ጠባይ በደብተር ጽፋችሁ ብትሄዱ ደግሞ እጅግ ይጠቅማል።

ልጁ ስለ መሞት ከተናገረ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ። ብቻውን አትተዉት፤ የተባይ ማጥፊያ መድኃኒትና ገመድ ከቤት አርቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። «ራስህን ለማጥፋት አስበሃልን?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ይልቁንም ሸክሙን ያቀልለታል።

ወገኖቼ፣ በሚቀጥለው እሑድ በአጥቢያችሁ ለታመመ ወላጅ ስትጸልዩ፣ ጸሎቱ ካለቀ በኋላ በኋለኛው ወንበር የተቀመጠውን ልጁን ፈልጉት። «ትናንት ሌሊት ተኝተሃል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ መልሱንም ቆማችሁ ስሙ። ጌታ ማስተዋልን ይስጠን።