በቆርኪ ጎማ የሄደ ታሪክ፦ የመተማ የሽቦ መኪኖች

መተማ ስትነሣ ታሪክ የሚወድ ሁሉ ወሬውን የሚጀምረው ከአፄ ዮሐንስ ነው። ትክክልም ነው። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁባት ምድር ስማቸውን ይዛ እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። ችግሩ ወሬያችን እዚያው ላይ ማለቁ ነው። ከዚያች ቀን ወዲህ ከ130 ዓመት በላይ አልፏል። በነዚህ ዓመታት ከአዘዞ በአይከል፣ በነጋዴ ባሕር፣ በሸኸዲና በኮኪት አድርጎ ገላባት ድረስ በሚወስደው መንገድ ማን ሄደ? በምን ሄደ? ምን ጭኖ?

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ አንድ መዝገብ አለ ብለን እናምናለን። መዝገቡ የሽቦ መኪና ነው። "አሁን ይሄም ታሪክ ሆኖ ነው?" የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን፤ ትንሽ ይታገሠን።

የሽቦ መኪናን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ጥቂት ነው። አጽሟ ሽቦ፣ ገላዋ የዘይት ወይም የሳርዲን ቆርቆሮ፣ ጎማዋ የለስላሳ ቆርኪ ወይም ከአሮጌ ሸበጥ የተቆረጠ ክብ ላስቲክ ነው። ቆላ ላይ ሽቦ ሲጠፋ የማሽላ አገዳ በእሾህ እየተያያዘ ይተካዋል። ጋቢናውንና ካሶኒውን ማንም ልጅ በግማሽ ቀን ይጨርሰዋል። ልጅ ከልጅ የሚለየው ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቃቅን ነገሮች ነው። የሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት ስፖኪዮ ይሆናል። የመርፌ መድኃኒት ጠርሙስ ክዳን የፊት መብራት፣ የግሉኮስ ቱቦ የፍሬን መስመር፣ የካላማዳሪያ ቁራጭ የጭቃ መከላከያ፣ ከባትሪ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣው ጥቁር ዘንግ የጭስ ማውጫ ይሆናል። እነዚህን አንድ በአንድ ያሟላ ልጅ በሰፈሩ "መሐንዲስ" ነው።

በሌላው ዓለም ይህ ሥራ ትልቅ ሙያ ነው። ጄራልድ ዊንግሮቭ የሚባል እንግሊዛዊ ዝነኛ መኪኖችን 15 ጊዜ አሳንሶ፣ የጎማቸውን ሽቦ ሳይቀር በእጁ እየሠራ ስሙን ተክሏል፤ ስለ አሠራሩም መጽሐፍ ጽፏል። የሱ መነሻ የመለኪያ ሥዕል ነው፤ የኛ ልጆች መነሻ ዓይናቸውና ቆርኪው። ግን እስቲ አብረን እናስላ። የቆርኪ ስፋት 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የከባድ ጭነት መኪና ጎማ ቁመት ደግሞ ከ1 ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ሲካፈል 1 ለ35 አካባቢ ይመጣል። የአይሱዙ ጎማ 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ወደ 1 ለ27 ይጠጋል። የውጭ ፋብሪካዎች ሞዴል ሲሠሩ የሚጠቀሙባቸው የታወቁ ልኮች 1 ለ35 እና 1 ለ24 መሆናቸውን ያየ ሰው ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ልጁ ቀሪውን አካል ከጎማው ጋር "እንዲሄድ" አድርጎ ሲሠራ፣ ስሙን ሳያውቀው በልክ እየሠራ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንግባ። ከላይ የጠራናቸውን ስሞች መለስ ብላችሁ እዩ። ስፖኪዮ፣ ካሶኒ፣ ካላማዳሪያ... ባሌስትራ፣ ፓራፋንጎ፣ ማርሚታ፣ ፖርቶ መጋላ፣ ፍሬቻም አሉ። ሁሉም የጣልያንኛ ልጆች ናቸው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የገዛን ወራሪ ተባሮ ሲሄድ የመኪናው ብልቶች ስም ግን ቀረ። የ8 ዓመት ልጅ ሽቦ እያጠማዘዘ "ባሌስትራው ላላ" ሲል ሳያውቀው ስለዚያ ዘመን እየመሰከረ ነው። ሽማግሌዎች "ትሬንታ ኳትሮ" የሚሏት መኪናም የዚያው ዘመኗ ፊያት 634 ነች።

ይህ መንገድ የትንንሽ ብልቶችን ኃይል በጦርነትም አይቷል። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በብርጋዴር ዊልያም ስሊም የሚመራው 10ኛው የሕንድ ብርጌድ ጣልያን የያዛትን ገላባትን አጠቃ። 12 ታንኮች ነበሩት። ገላባትን ያዘ፤ መተማ ግን አልተያዘችም። ከምክንያቶቹ አንዱ አብዛኞቹ ታንኮች ድንጋይና ፈንጂ ሰንሰለታቸውን በጥሶባቸው መቆማቸው ነው። ጣልያን መተማን የለቀቀው በጥር ወር ነበር፤ ሲለቅ ደግሞ የጎንደሩን መንገድ ፈንጂ ዘርቶበት ሄደ። ፕሬሚንድራ ሲንግ ባጋት የተባለ ወጣት የሕንድ መሐንዲስ መኮንን በ4 ቀን ውስጥ 15 የፈንጂ ቦታዎችን አጽድቶ የቪክቶሪያ ክሮስ ሜዳይ ተሸለመ። ዛሬ አይሱዙው የሚከንፍበት መንገድ ያ ነው።

ከሁሉ የሚገርመን ግን የመሪው ነገር ነው። ኢትዮጵያ እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ነበር የምትነዳው፤ ሰኔ 1 ቀን ወደ ቀኝ ዞረች። ሱዳን ግን እስከ 1965 ዓ.ም. በግራዋ ጸናች። ስለዚህ ለ9 ዓመታት መተማ ላይ ድንበር የሚሻገር ሹፌር የመንገዱን ጠርዝ መቀየር ነበረበት! እንግዲህ መሪዋ በቀኝ የሆነች አሮጌ የሽቦ መኪና ብታገኙ የሱዳን ናት ለማለት አትቸኩሉ። የጣልያን ከባድ መኪኖች በአገራቸው በቀኝ እየተነዳም መሪያቸው በቀኝ ይደረግ ነበር። ለመለየት ሌሎቹን ብልቶች ማየት ያስፈልጋል። ጋቢናዋ ከፊት ጠፍጣፋ ከሆነ ኤንትሬ፣ ማለትም ፊያት 682 ልትሆን ትችላለች። አፍንጫዋ ወጣ ያለ፣ ካሶኒዋ በቀለም ያጌጠ ከሆነ ግን ሱዳኖች ለገበያ የሚጭኑባት፣ ካሶኒዋን እዚያው አገራቸው የሚሠሩላት ቤድፎርድ ትሆናለች። ከጎኗ አካፋና የብረት ሳንቃ ከታሰረላት ሠሪዋ በአሸዋና በዋልካ ውስጥ የተቀረቀረ ሎሪ አይቷል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውንም ቆርቆሮው ይናገራል። እርሻው በሰሊጥና በጥጥ ሲሰፋ የኋላ ጎማዋ ከፊተኛው የሚበልጥ ትራክተር ተሳቢ እየጎተተች መጣች። በ1990ዎቹ አጋማሽ የሱዳን ቤንዚን በመተማ መግባት ሲጀምር ክቡ የዘይት ጣሳ ቦቴ ለመሆን ተመቸ። ሕዝቡ በፍጥነቷ "አልቃይዳ" ያላት አይሱዙ፣ "ቀይ ሽብር" ያላት ሲኖ ትራክ፣ ሦስት ቆርኪ ብቻ የሚበቃት ባጃጅ ተከታተሉ። ልጅ የሚሠራው ያየውን ነው። ያላየውን ስፖኪዮ አይገጥምም።

ታዲያ እነዚህ መኪኖች የት አሉ? ገሚሱን ዝገት በላው፤ ገሚሱን ቆራሌው ከቆርቆሮ ጋር መዝኖ ወሰደው፤ የአገዳዋን ፍየል ጨረሳት። የፕላስቲክ መጫወቻ ደግሞ በየሱቁ ተሰቅሏል፤ እሱ የመጣበትን ፋብሪካ እንጂ የመተማን መንገድ አያውቅም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ያላቸውን ይዘው በዚሁ መንገድ ገቡ። በነዚያ ሳምንታት ልጆች ያዩትን በሽቦ ሠርተው ከሆነ፣ ያንን ያስቀመጠልን ማን ነው? ነገ የዚያን ጊዜ ታሪክ የሚጽፍ ሰው የባለሥልጣን መግለጫ ብቻ ይዞ እንዲቀመጥ ነው የፈረድንበት።

አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም የሰውን ሕይወት ከልደት እስከ ሞት በቅደም ተከተል ያሳያል። የልጅነት ቦታ እዚያ ካለ፣ ለአንድ የመተማ ሎሪ የሚሆን መደርደሪያ አይጠፋም እንላለን። እስከዚያው ግን ሥራው የኛው ነው። ታናሽ ወንድማችሁ የሽቦ መኪና ሲሠራ ብታዩ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ የየትኛዋን መኪና ነው የሠራኸው? የት አየሃት? ምን ጭና ነበር? መልሱን ከቀኑ ጋር በወረቀት ጻፉና ከመኪናዋ ሆድ ስር ለጥፉላት። ከዚያ በኋላ ቆራሌው ሲመጣ እሷን ደብቃችሁ ሌላ ቆርቆሮ ስጡት።

ቸር ይግጠመን!