የትንሿ የኪስ ሽጉጥ ጥንተ ነገር

በጥንቱ ሥርዓት፣ ከበሮው የሚሽከረከር ሽጉጥ (ሪቮልቨር) የያዘ ሰው፣ ባሩዱን በየቀዳዳው ሰፍሮ፣ እርሳሱን ጠቅጥቆ፣ ማቀጣጠያውንም በስተኋላው ሰክቶ እስኪፈጽም ድረስ፣ ጠላቱ ይታገሠው ዘንድ መጸለይ ግድ ነበረበት። ፈረንሳዊው ፍሎቤር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1845 ዓ.ም. ማቀጣጠያውን በቀለሁ ከንፈር ውስጥ የሸሸገ ታናሽ ጥይት ካስገኘ በኋላ፣ በአሜሪካ በስፕሪንግፊልድ ከተማ የነበሩት ሆራስ ስሚዝና ዳንኤል ዌሰን ባሩድ ጨምረውበት፣ ኮልት በሚሽከረከረው ከበሮ ላይ የነበረው የፈጠራ መብት ባበቃበት በ1857 ዓ.ም. ሰባት ጥይት የምትጎርስ የኪስ ሽጉጥ አወጡ፤ ከበሮውን ከዳር እስከ ዳር የመብሳት መብት ግን የሮሊን ኋይት ስለ ነበረ፣ ስለ እያንዳንዷ ሽጉጥ 25 ሳንቲም ይከፍሉት ነበር።

ነገር ግን ለሁሉም መጠን አለውና፣ መቺው የቀለሁን ከንፈር ይጨፈልቅ ዘንድ መዳቡ ስስ መሆን ስለሚገባው፣ ስሱም መዳብ ብርቱ ባሩድ ስለማይችል፣ ጥይቲቱ በኃይል ደካማ ሆና ቀረች። ስለዚህ በ1861 ዓ.ም. የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በተነሣ ጊዜ፣ በገዛ ገንዘቡ መሣሪያ የሚሸምት ወታደር ከቅለትና ከኃይል አንዱን መምረጥ ነበረበት፤ ብዙዎችም ቅለትን መረጡ።

የኋይት መብት በ1869 ዓ.ም. ሲያበቃ ርካሽ አምሳያዎች ገበያውን አጥለቀለቁት፤ የዘመን ጭማሪ ይሰጠው ዘንድ የወጣውንም ሕግ ፕሬዚዳንት ግራንት በ1870 ዓ.ም. ሳይፈርሙ መለሱት። ኋይትን መብቱን ለማስከበር በሙግት ያደከመው፣ ከዳር እስከ ዳር የተበሳው ያ ቀዳዳ ግን፣ ዛሬም በየሪቮልቨሩ ከበሮ ውስጥ ይኖራል።